ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ሰው

ኅዳር 8 ቀን 1989፣ እሁድ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለልጄ ለኤልሳቤጥ የሒሳብ ትምህርት ነበር። ባለ መስመር ሆኖ ተገኘና "ፋልሽ፣ ማማ"፣ ተሳስተሻል ብላ መለሰችልኝ። ሒሳብ ባለ ካሬ ነው አሉ። ስለዚህ የኔ ሆነ።

አቶ ፍስሃየ ከቅዳሴ በኋላ ፍራንክፈርት ዳር ወዳለው ሰፈራችን፣ ጻይልስሃይም ድረስ በአውቶቡስ መጡልን። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ እዚህ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነገሩን ተናገሩ። የተከራየነው አዳራሽ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን መምሰል አለበት። በመቅደሱ መጋረጃ ላይ የምትሰቀል፣ ቁመቷ ሁለት ሜትር የሆነ የእመቤታችን ሥዕል ትሠራ። አስተርእዮ ረቡዕ ስለሚውል በዓሉ እሁድ ጥር 25 ይከበራል፤ ያን ቀን ትመረቃለች።

"መሪጌታ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?" አሉት ባሌን።

ወንድይራድ "እግዚአብሔር ከፈቀደ" አለ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሰኔ ላይ ያ ሕመም ግማሽ ጎኑን ከመታው ወዲህ እንግዳ ሲመጣ እጁ ኪስ ይገባል። ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያ እንኳ አይዝም። ይህን የምናውቅ እኛ ሦስታችንና ሐኪሙ ብቻ ነን።

ደረጃው ድረስ ስሸኛቸው አቶ ፍስሃየ ዞር ብለው "አንቺም ቀለሙን እየበጠበጥሽ ትረጂዋለሽ፤ በረከቱ ያንቺም ነው" አሉኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ቬስትኤንድ ሰፈር የማጸዳው ቤት የድሮ ሥዕል የሚታደስበት ወርክሾፕ ነው። ባለሙያዋ ፍራው ኦስቫልት ትባላለች። ቁጡ ናት፣ ግን አትዋሽም። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሥዕል ተምሬ ሳገባ እንደተውኩ ከነገርኳት ወዲህ፣ ወለሉን ስጨርስ ጥጥ በስንጥር ጫፍ እየጠቀለልኩ እንዳቀብላት ፈቅዳልኛለች። ጥጡን በገዛ ምራቋ አርሳ ነው የሦስት መቶ ዓመት እድፍ የምታወጣው። ከምራቅ የሚሻል ኬሚካል የለም ትላለች። እናቴም ፊቴን እንደዚያው ነበር የምትጠርግልኝ፤ ሳይንስ መሆኑን አላወቀችም እንጂ።

ዛሬ አዲስ ሥራ ገባ። አበባ፣ የተላጠ ሎሚ፣ የብር ማንቆርቆሪያ። ጥላሸት ለብሷል። ማይስተር ቬንድል የሚባል፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት እዚሁ ፍራንክፈርት የኖረ ሠዓሊ የሠራው ነው ተባለ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ሸራውን ኬለር፣ የሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ ወጠርነው። ቤት ውስጥ የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ሲሸት ኤልሳቤጥ ታስላለች። የኬለሩ መብራት የሕንፃው ነው፤ ሲጫኑት ሦስት ደቂቃ በርቶ ራሱ ይጠፋል። ሃውስማይስተሩን፣ የሕንፃውን ተቆጣጣሪ፣ ብለምነው "ኬለር ለድንች ነው" አለኝ። ስለዚህ በሦስት ሦስት ደቂቃ እንሠራለን። ሲጠፋ ብሩሹን ካለበት ሳላነሳ በግራ እጄ ግድግዳውን እዳብሳለሁ። ሲበራ ሁልጊዜ ሥዕሏ ትንሽ የቀረበችን ይመስለኛል። ጾሙ ይሆናል፤ ባዶ ሆድ ብዙ ያሳያል።

ወንድይራድ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያዛል። "ትከሻዋን ዝቅ አድርጊው።" "እሺ።" የሚስለው እሱ ነው፤ እኔ እጁ ነኝ። እንዲህ ብዬ መጻፌ ትክክል ነው።

(ትከሻዋን ዝቅ አላደረግኩትም። ደህና ነበር።)

ድሮ መስመሩን እሱ ያወጣል፣ እኔ እሞላለሁ። ፊቶቹን "ዓይኔ ደክሟል፣ አንቺ ጨርሺው" እያለ ለኔ መተው የጀመረው ገና አዲስ አበባ ሳለን ነው። ይህ ግን የቤት ነገር ነው፤ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሰው አለ።

ፍራው ኦስቫልት የማንቆርቆሪያውን ሆድ ስታጸዳ፣ ብሩ ላይ ጥፍር የምታክል ሴት ወጣች። ነጭ ሻሽ አስራለች፣ እጇ ላይ አንድ ቀጭን ነገር ይዛለች። ፍራው ኦስቫልት በደስታ ጮኸች። የሠዓሊው ነጸብራቅ ነው አለች፤ የሚስለው ሰው ራሱን ብሩ ላይ አይቶ ሳለው። "ግን ይህቺ ሴት ናት" አልኩ። "አዎ፣ እኮ!" አለችኝ።

እኔ ደስ አላለኝም። የሚታየው አንድ ጎን ፊቷ ብቻ ነው፤ አንድ ዓይን። በኛ አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ይሁዳና ሰይጣን ናቸው በአንድ ዓይን የሚሳሉት። ይህን ብነግራት ሳቀች። እኔ ግን ባልዲዬን ይዤ ስወጣ ጀርባዬ ላይ ቅዝቃዜ ተሰማኝ፤ ያቺ አንድ ዓይን ወደ በሩ ታያለች።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አውቶቡስ አመለጠኝ። ሰማያዊው ቀለም አልቋል። የኤልሳቤጥን አስተማሪ ቴርሚን፣ ቀጠሮውን፣ ረሳሁ፤ እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ። ወንድይራድ ሾርባ ልብሱ ላይ ደፋ፣ ልረዳው ስል ተቆጣ። የማርያም ቀሚስ ግማሽ ደርሷል። የማንቆርቆሪያዋ ሴትዮ ዛሬም በሩን ታያለች።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

በወጉ ከእመቤታችን እግር ሥር የተማፀነ ሰው ይሳላል። ትንሽ ሆኖ፣ ተደፍቶ፣ ፊቱን ወደኛ አዙሮ፣ ስሙ ከአጠገቡ ይጻፋል። ያሠራው ወይም የሠራው ሰው ነው። አቶ ፍስሃየ ራሳቸው "መሪጌታ ይግቡበት፤ ልጆቻችን ማን እንደሠራት ይወቁ" ብለዋል። ወንድይራድ ግን "እኔን ከግርጌ አታስገቢኝ" አለኝ። ትሕትና ነው ብዬ አለፍኩት። ትላንት ሳልኩት፤ ጥምጥሙን፣ ሽበት የጀመረ ጺሙን። በደንብ መሰለልኝ።

ዛሬ ከሥራ ተመልሼ ስወርድ ጺም የለም። እንደ ጉድ ተጠርጎ፣ አገጩ ባዶ ሸራ ሆኗል። ቀለም ፈሶ ነው? ቀለም ወደ ታች ይፈሳል እንጂ ጺም ብቻ መርጦ አይሄድም። መብራቱ ጠፋ። አዝራሩን ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ስሟን ጠራሁ፤ የእመቤታችንን።

ለወንድይራድ ነገርኩት። "ማን ይነካዋል?" አለ፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ። ሥዕሉ ክብሩ ነውና አላስጨነቅኩትም።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ጺሙን መልሼ ሳልኩ። ሻይ ለመጠጣት ወጥቼ፣ ልብስ አጥቤ፣ ስመለስ እንደገና የለም። በዚህ ጊዜ ጥምጥሙም ፊቱም ጠፍቷል። ትከሻ ላይ ነጭ ባዶ ቦታ ተቀምጧል። የኬለሩ ቁልፍ አንድ ነው፣ በራችን ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል።

ኤልሳቤጥን "ኬለር ወርደሻል?" አልኳት።

"ናይን።"

"ማን ወረደ?"

"ኢሽ ዛግ ኒሽትስ" አለችኝ። ምንም አልናገርም ማለቷ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፣ አፏ ግን የጠበቃ ነው። ከዚያ ወደ አባቷ ሄዳ ጭኑ ላይ ተቀመጠች። እጅጌው አኳራጅ አኳራጅ ይሸታል። ቤቱ በሙሉ ይሸታል መሰለኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ዛሬ ወርክሾፕ ውስጥ የሰማሁትን እንዳለ ልጻፈው።

ሥዕሉ ከፍሬሙ ሲወጣ ከታች ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ግራጫ ቀለም ነበር፤ ኋላ ላይ የተቀባ። ፍራው ኦስቫልት ጥቂቱን ስታነሳው ከሥሩ ስም ወጣ። ዑርሱላ። የማይስተር ቬንድል ሚስት። በዚያ ዘመን ሴት በሙያ ማኅበሩ ማይስተር፣ ዋና ባለሙያ፣ መባል አይፈቀድላትም ነበር አለችኝ። የሰው ገላ እያዩ መሳልም ነውር ነበር፤ ስለዚህ ወጥ ቤት ያለውን ይስላሉ፤ አበባ፣ ሎሚ፣ ዕቃ። ገበያ የሚወጣው በባል ስም ነው። ባልየው ሲሞት ወርክሾፑን ማስቀጠል ይችላሉ፤ ለመኖር ሞት ያስፈልጋቸው ነበር ማለት ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሥዕሉን ያመጣው ፕሮፌሰር መጣ። ስሙን በማጉያ አየው። "ሚስቱ ረድታው ይሆናል" አለ። "ቀለም ትበጠብጣለች፣ ቅጠል ትሞላለች። የተለመደ ነው።"

መጥረጊያውን ይዤ ቆሜ ነበር። እኔን አላየኝም። ጆሮዬ ጋለ። ደረጃችን ላይ የአቶ ፍስሃየን ድምፅ እንደገና የሰማሁ መሰለኝ፣ በጀርመንኛ።

ምን አገናኘኝ? የኔ ባል ሕያው ነው፣ ሥዕሉም የሱ ነው። ምቀኝነት ነው ይሄ። የነፍስ አባቴ ቀሲስ አዲስዓለም ይህን ቢያነቡ ስግደት ይጨምሩብኛል።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ግርጌውን ባዶ ተውኩት። የእመቤታችንን እጆች ጨረስኩ። ጨረስን።

ጠዋት ጥፍሬ ሥር ቡናማ ቀለም ነበር። ትላንት የነካሁት ሰማያዊ ብቻ ነው። እጄን ሳልታጠብ ተኝቼ ይሆናል፤ ከትላንት ወዲያ ይሆናል።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ

ገና። እዚህ አገር ገናቸው ካለፈ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ዛፋቸውን መንገድ ላይ ጥለውታል። ግማሽ ቀን ሥራ ገባሁ። ወንድይራድ በግራ እጁ ሊቆርስልኝ ሞክሮ ዳቦው ወደቀ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ አለቀስኩ። ይህ ሰው ሃያ ዓመት በብሩሽ የኖረ ነው። ጥር 25 ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ ፊት በኩራት እንዲቆም እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው የለም።

ጥር 9፣ ዓርብ

ከሰኞ ጀምሮ የወር አበባዬ ስለሆነ ኬለር አልወረድኩም። ማንም አልከለከለኝም፤ ቤተ ክርስቲያን የማይገባበት ቀን ሥዕልም አይነካበትም ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። አራት ሌሊት፣ አራት ቀን። ቁልፉን አልነካሁም። ይህን አስምሬበት እጽፋለሁ፤ አልነካሁም።

ዛሬ ታጥቤ፣ ጸልዬ ወረድኩ። መብራቱን ተጫንኩ።

ባዶው ቦታ ላይ ሴት አለች። ተደፍታለች፣ ነጠላዋ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ ፊቷን ወደኔ አዙራለች። ሁለት ዓይን። መስመሩ አንድ ቦታ እንኳ አልተሳሳተም። ቡናማ ጥላ ከአፍንጫዋ ጎን አለ፤ እንደዚያ ያለ ጥላ የሚያወጣ ሰው አላውቅም፣ ከ…

መብራቱ ጠፋ። ከሷ ጋር ጨለማ ውስጥ ቆምኩ። አዝራሩ የት እንዳለ እጄ ያውቃል፤ ግን እጄን ማንሳት አቃተኝ። ትንፋሽ ሰማሁ። የራሴ ነው መሆን ያለበት።

በኋላ አኳራጅ ነክሬ ላጠፋት ቀረብኩ። አልቻልኩም። የሰው ፊት ማጥፋት ነው። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ያማረ ፊት ነው።

ለወንድይራድ አልነገርኩትም። ሊቀ መንበሩ ሴት ከግርጌ ሲያዩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ማን ናት ይላሉ። ማን ሳላት ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀሚሷን ማን ሳለ፣ እጇን ማን ሳለ። እጁን ከኪስ አውጥቶ ማሳየት ሊኖርበት ነው።

ጥር 14፣ ረቡዕ

የማንቆርቆሪያዋ ሴት ዞራለች።

ፍራው ኦስቫልት አልዞረችም ትላለች። የቀረው እድፍ ሲነሳ የተሸፈነው ጎን ወጣ እንጂ፣ ሁልጊዜም ወደኛ ነበር የምታየው ትላለች። ልክ ናት፤ የሚያውቅ ሰው ናት። ሁለት ዓይን። በሩን አይደለም የምታየው፤ ባልዲዬን ይዤ የምቆምበትን ቦታ ነው።

"ምን ሆነሻል? ደም የለሽም እኮ" አለችኝ ፍራው ኦስቫልት። ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ የራሷን ነገር ነገረችኝ። ፕሮፌሰሩ ግራጫው ቀለም ተመልሶ ይቀባ ብሏል። ከሥዕሉ ጎን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ማይስተር ቬንድል የሚል ሆኖ ታትሟል።

"ትቀቢዋለሽ?"

ተነስታ ጥጧን መጠቅለል ጀመረች።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት ዓይኖቿን ከፈትኩ። የወንድይራድ አባት ወግ ነው፤ የእመቤታችን ዓይን መጨረሻ ላይ፣ በጾም አፍ ይሳላል። ወንድይራድ ሣጥኑ ላይ ነበር። አንዲት ቃል አላዘዘኝም። ግርጌ ያለችውን ሴት ጨርቅ ጥዬ ሸፍኛት ነበር፤ ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ። የስሙን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ነገ ከሥራ ስመለስ ሴትየዋን አጥፍቼ፣ ባሌን ስዬ፣ ስሙን እጽፋለሁ። ቆርጫለሁ።

ፍራው ኦስቫልት ግራጫውን ቀባች። በውሃ በሚለቅ ቀለም ነው የቀባችው። "የሚቀጥለው ሰው እርጥብ ጥጥ ካለው ይበቃዋል" አለች። ተናድጄ ነበር፣ በሷም በራሴም። ሸፋኝ ሸፋኝን ምን ይለዋል?

ጥር 23፣ ዓርብ

ሥዕሏ የለችም! አቶ ፍስሃየ በመኪና መጥተው በጠዋት ወስደዋታል፣ ጠቅልለው። "እኔ ነኝ ውሰዱ ያልኩት" አለ ወንድይራድ። ያቺን ሴት አላጠፋኋትም። ቁርስ ላይ እንደሚጫወት ሰው ረጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ "ዘርፌ፣ ደክሞሻል፣ ተኚ።"

ጥር 25፣ እሁድ

ኤልሳቤጥን አስተኝቼ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሥዕሏ መጋረጃው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና። ከሴቶቹ ጋር በስተቀኝ ቆሜ ቅዳሴውን አልሰማሁትም፤ ጨርቁን ብቻ ነበር የማየው። ቀሲስ አዲስዓለም ባርከው ሲገልጧት እልልታው ሕንፃውን ነቀነቀው። እመቤታችን አየችን። አጠገቤ ያለች ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ከዚያ ፊት ያሉት አንገታቸውን ወደ ግርጌው ዝቅ ማድረግ ጀመሩ፤ ሹክሹክታው ወደኋላ መጣ።

ሴትየዋ እንዳለች ናት። ከአጠገቧ፣ እኔ ባዶ በተውኩት ቦታ፣ በጥቁር ቀለም "ወለተ ሚካኤል" ተብሎ ተጽፏል።

የክርስትና ስሜ ነው። እናቴ ሞታለች። ከነፍስ አባቴ በቀር እዚህ አገር ይህን ስም ማን ያውቃል? ከዚያ ፊደሎቹን አስተዋልኳቸው። "ሚ" ጠማማ ናት። "ኤ" ሦስት ቦታ ተሰብራለች። ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ። ስንጋባ ተክሊል ላይ ይህ ስም ሲጠራ አጠገቤ የቆመ ሰው ነበር፤ እሱን ረስቼው።

አቶ ፍስሃየ ፊታቸው ጠቁሮ "ሠዓሊያችን መሪጌታ ወንድይራድ ወደፊት ይምጡና ያስረዱን" አሉ።

ወንድይራድ ወጣ። ሕዝቡ ፊት ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ወደላይ ያዘው። እጁ በሁሉም ፊት ተንቀጠቀጠ።

"በዚህ እጅ መስመር አይወጣም" አለ። "ሥዕሏን የሠራችው ባለቤቴ ናት። ከዚህ በፊት ያያችኋቸውም ብዙዎቹ ፊቶች የሷ ናቸው። እኔ ረድቻታለሁ።"

"አታለላችሁን እኮ!" አሉ አቶ ፍስሃየ። አንዳንዱ ወጣ። አንዳንዷ እልል አለች፣ ሌላዋ አፏን ያዘች። ቀሲስ ቀና ብለው ሥዕሏን አዩና "ለሊቀ ጳጳሱ እንጽፋለን። መልስ እስኪመጣ ከመጋረጃው ወርዳ ጎን ግድግዳ ላይ ትሰቀል" አሉ። ሰዎች ሲያወርዷት አየሁ። ተጠቅልላ አልተመለሰችም፤ ግድግዳው ላይ ናት፣ ስሙም አለ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ኤልሳቤጥ መሐላችን ተኝታለች። ወንድይራድ እጁን ኪስ አልከተተውም።

"ጺሙንም ፊቱንም በጨርቅ የጠረግኩት እኔ ነኝ" አለኝ። "ሁለቴ። ኤልሳቤጥ አይታኛለች። አታስገቢኝ ብዬሽ ነበር እኮ። ስሙንም ሐሙስ ማታ በሁለት እጄ ይዤ ጻፍኩት፣ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።"

"ፊቷንስ?" አልኩት። "እንዴት ቻልክ?"

ዞሮ አየኝ። ያስፈራው መሰለኝ፣ ወይም እኔ ፈራሁ።

"ፊቷን እኔ አልነካሁም፣ ዘርፌ። ይህ እጅ እንዴት አድርጎ? ራስሽን የሳልሽ መስሎኝ፣ ፊትሽን ከግርጌ ሳይ ነው ስምሽን የጻፍኩት። አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

አራቱን ቀን አሰብኩ። ቁልፉን አልነካሁም። ጥፍሬ ሥር የነበረውን ቡናማ አሰብኩ። ያቺን ብር ላይ ያለች ሴት፣ አሁን በጨለማ ወርክሾፕ ውስጥ ስሟ ተቀብቶባት እኔ የምቆምበትን ቦታ የምታየውን፣ አሰብኩ። አላስታውስም ልለው አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "እኔ ነኝ የሳልኳት።"